መጀመሪያ ወሩን፣ ከዚያ ተራራውን
ለወጣት ተራራ ተጓዥ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ተራራ መውጣት የጀመራችሁ ወጣቶች እየበዛችሁ መምጣታችሁ ደስ ይለኛል። አገርን በእግር ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስትከራከሩ የምሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከሰሜን ተራሮችና ከባሌ የቱ ይሻላል?» ትላላችሁ። ወሩ ካልተነገረበት ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ተራራ ሁሉ የሚያምርበት ጊዜ አለው፣ የሚከፋበትም ጊዜ አለው። ለጥቅምት ተጓዥ የሚሰጠው መልስ ለሚያዝያ ተጓዥ አይሆንም። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገርህ፤ ተራራ መርጠህ ወር አትፈልግለት፤ ያለህን ወር ይዘህ ተራራ ምረጥ። ከዚህ በታች የማሰፍርልህ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ እወቅ።

በአገራችን ዝናብ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አይገባም፣ በአንድ ጊዜም አይወጣም። የክረምቱ ዝናብ በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ከደጋው ጋር ሲላተም ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። የበልጉ ዝናብ ዋና ምንጭ ግን የህንድ ውቅያኖስ ስለሆነ ይበልጥ የሚደርሰው ለደቡቡና ለምሥራቁ ነው። ከዚህ የተነሣ ጎንደር በዓመት አንድ ዋና የዝናብ ወቅት ሲኖረው፣ ባሌ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እያባራም ቢሆን ይዘንባል። ኮንሶና ቦረና ደግሞ በመጋቢትና በግንቦት መካከል አንዴ፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ሌላ ጊዜ ይዘንብላቸዋል፤ ሌላው አገር በዶፍ በሚመታበት በሐምሌና በነሐሴ እነሱ ዘንድ ይደርቃል። ይህን ለይተህ ካወቅክ የምርጫህ ግማሽ አልቋል።

2. ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ካለህ ወደ ሰሜን ተራሮች ሂድ።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ መጥራት ይጀምራል። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ጥቅምት ላይ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆመህ ከገደሉ ሥር የተዘረጋውን ቆላ አንድ በአንድ ትለያለህ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ሣሩ ለምለም ነው፤ በሳንካበር አቅራቢያ ያለው የጅንባር ፏፏቴም ውኃው ሙሉ ነው። ኅዳር ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ይጀመራል፤ ጭቃውም ደርቆ ዱካ ይይዛል። ከደባርቅ ተነስተህ በሳንካበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚያልፈውን መንገድ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ታኅሣሥና ጥርም ለሰሜን መጥፎ አይደሉም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይከብዳል። ከየካቲት ወዲያ አየሩ አቧራና ጭጋግ ስለሚይዝ ሩቁ ይደበዝዛል፤ ፏፏቴውም ይመነምናል።

ልዩነቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ጭላዳዎቹን ተመልከት። ጥቅምት ላይ ግጭ ሜዳ ላይ ከመንጋው ራቅ ብለህ ተቀመጥና እጃቸውን አስተውል። ለምለሙን ሣር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየነጩ፣ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይሰዳሉ። በጋው ሲገፋ ያው መንጋ ሣሩ ስለደረቀበት አፈር እየቆፈረ ሥር ያወጣል። አንተ ለዕይታ የምትመርጠውን ወር እነሱ በሆዳቸው ያውቁታል።

3. ዕረፍትህ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ከሆነ ባሌን አስቀድም።

ብዙ ሰው ሰሜን ሲጠራ ባሌም የሚጠራ ይመስለዋል። ጥቅምት ላይ ዲንሾ ደርሶ ዝናብ ሲያገኘው ይደነግጣል። ባሌ ዘግይቶ ነው የሚጠራው። ኅዳር ሲጋመስ ዝናቡ ይለቃል፤ ታኅሣሥና ጥር ደረቅና ብሩህ ናቸው። ሳነቲ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ አምባ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

የጥር ንጋት ሳነቲ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል። በትንንሾቹ ኩሬዎች ዳር ውኃው እንደ ስስ መስታወት ይረጋል፤ ስትረግጠው ይሰነጠቃል። ጠዋት በጓንትና በኮፍያ ተጠቅልለህ የወጣኸው ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጃኬትህን አውልቀህ ወገብህ ላይ ታስረዋለህ፤ ፀሐይዋም ፊትህን ትለበልበዋለች። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ማለት ሲጀምር ቀይ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ እግሩን እየቆጠበ ይቀርበዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩትም እዚህ ነው። ግልገሎቻቸው የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አንተ በምትሄድበት ወቅት እናቲቱ ጉድጓድ ጠባቂ ናት። ጉድጓድ ካየህ ለፎቶ ብለህ አትቅረብ፤ ዞረህ እለፍ።

ከሳነቲ ወደ ደቡብ ስትወርድ በሪራ በኩል ሐረና ደን ትገባለህ። እዚያ በበጋም ቢሆን ጭጋግና ካፊያ አይጠፋም። ስለዚህ ሳነቲ ላይ ሰማይ ጠራ ብለህ የዝናብ ልብስህን መኪና ውስጥ አትተወው።

4. በበልግ ወራት አጭር ጉዞ ምረጥ፤ እሳትም ፍራ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ባሌ ላይ ዝናቡ ይጀምራል። ሰሜን ተራሮች በንጽጽር ይደርቃሉ፤ ነገር ግን ሣሩና አስታው ደርቆ እሳት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ሰሜን ተራሮች ላይ የተነሳው ሰደድ እሳት ብዙ ቀን ፈጅቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ማብቂያም የባሌ ደኖች በእሳት ተጎድተዋል። በዚህ ወቅት የሚሄድ ሰው በእንጨት አያብስል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካለህ ቁራጩን በቆርቆሮ ይዞ ይመለስ። ይህን የማይቀበል ሰው ካለ ጉዞው ላይ ባይኖር ይሻላል።

መንዝ ጓሳን የሚወድ ሰው ደግሞ ልብ ይበል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው፤ በልግም ክረምትም ይደርሰዋል፤ ጭጋጉ ሲወርድ አሥር እርምጃ የማያሳይበት ጊዜ አለ። የእሱ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የመንዝ ሰው ይህን መሬት ለዘመናት በራሱ ደንብ እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል፤ የጓሳው ሣር የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። እንግዳም ያንን ደንብ አክብሮ በተፈቀደው መንገድ ይሂድ።

5. ክረምት ላይ ከፍታን ተው፤ አቅጣጫ ቀይር።

አዲስ አበባ ከዓመት ዝናቧ ግማሽ የሚሆነውን የምታገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አብዛኛው ደጋም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ወራት ራስ ደጀንን አትመኝ። ደመናው ገደሉን ስለሚሞላው የምታየው ነገር የለም፤ ዳገቱ ያንሸራትታል፤ ከቧሂት ወርደህ ወደ አምቢቆ ስትሻገር የምታገኘው የመሸሃ ወንዝ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ዝናብ ሊሞላ ይችላል። ወንዝ የሞላበት ቦታ ላይ ድፍረት አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። በላይኛው ተፋሰስ ዝናቡ ካቆመ ብዙ ጊዜ ውኃው ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል።

ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ ለዕረፍት የሚመጡ ወንድሞችህና እህቶችህ ፈቃድ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ልክ በዚህ ወቅት ነው። «አገሬ መጥቼ ተራራ ሳልወጣ አልመለስም» ካሉህ ወደ ኮንሶ ውሰዳቸው። እዚያ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐዩ ለዘብ ያለ፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ከትውልድ ትውልድ በድንጋይ የተካበው እርከን ከሸለቆ እስከ ኮረብታ አናት ድረስ የተደረደረበት አገር ነው፤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በ2003 ዓ.ም. ነው። ከፍታው እንደ ራስ ደጀን አያስጎመጅ ይሆናል፤ ነገር ግን በእርከኖቹ መካከል ከመንደር መንደር እየተራመዱ መዋል ለእግርም ለልብም ይበቃል።

6. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች አትናቅ።

ወቅትን ማንበብ የሚለመደው እዚሁ ነው። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ የረር፣ መናገሻ ሱባ፣ ዝቋላና ወንጪ ሁሉም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። መናገሻ ሱባ ጥላ ስላለው በየካቲትና በመጋቢት ሐሩር ደህና ነው። ዝቋላ ግን ከሜዳ ብቻውን ተነስቶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ስለሆነ ከታች ጥላ የለውም፤ በበጋ የምትወጣው ከሆነ በሌሊት ተነስተህ ፀሐይ ሳትከር ዳገቱን ጨርስ። ወደ የረር በክረምት ለመሄድ የምታስብ ከሆነ ግርጌው ያለው ጥቁር አፈር እርጥበት ሲያገኝ ጫማህን ነክሶ አልለቅም እንደሚል አትርሳ። በክረምት የግድ መውጣት ካማረህ ጥሩ መንገድና ቅርብ መጠለያ ያለውን ምረጥ፤ እንጦጦ ይበቃሃል።

7. ከፍታን እንደ ሌላ ወቅት ቁጠረው።

በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በታች ይሰማሃል። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን አገር ውርጭ ብለው የለዩት ለዚህ ነው።

ሰውነትም ጊዜ ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን የምታድርበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር። ሰሜን ተራሮች ላይ መንገዱ ራሱ በዚህ ልክ ደረጃ በደረጃ ይወስድሃል። አደጋው ያለው ባሌ ላይ ነው፤ ከጎባ በመኪና ተነስተህ ብዙም ሳትቆይ ከ4,000 ሜትር በላይ ትደርሳለህ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደር፤ ሳነቲን ቀን ጎብኝተህ ተመለስ፤ ድንኳንህን እዚያ የምትተክለው ከዚያ በኋላ ይሁን። ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ፣ ማቅለሽለሽና መንገዳገድ ከተከተለ፣ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

8. ከወሩ ቀጥሎ ሰዓቱን ምረጥ።

በተራራ ላይ ጠዋቱ ያንተ ነው፤ ከሰዓቱ የደመናው ነው። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናም ይከመራል። ስለዚህ በበልግና በክረምት መዳረሻ ነጎድጓድና በረዶ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ንጋት ላይ ተነስ፤ ጫፍ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ድረስ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከአፋፉ ውረድ። ነጎድጓድ ከሰማህ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለል፤ ከጉብታ ውረድ፤ እርስ በርስ ተራራቁ። ዴንቨር የሚኖር ዘመድ ካለህ ጠይቀው፤ በሮኪ ተራሮችም በበጋቸው የሚመከረው ይኸው ነው፤ እዚያም ከቀትር በፊት ካልወረዱ መብረቅ አለ።

9. ሌሊቱን አስበህ ልበስ፣ ሌሊቱን አስበህ ስፈር።

በበጋ ጥርት ያለ ሌሊት ውብ ነው፤ ግን መሬቱን የሚሸፍን ደመና ስለሌለ የቀኑ ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርድና እዚያ ይተኛል። ድንኳንህን ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ ነፋስ በማያገኘው በኩል ትከል። የጥጥ ልብስ ከረጠበ አያሞቅም፤ መንዝ ላይ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩት በከንቱ አይደለም። የሌሊት ልብስህን በፌስታል ጠቅልለህ ያዝ፤ ቀን የለበስከው ቢረጥብ እንኳ ደረቅ ነገር ለብሰህ ትተኛለህ። ቆሎና በሶ ከአጠገብህ አይጥፋ፤ የራበው ሰው ቶሎ ይበርደዋል።

10. ትንበያውን ስማ፤ የአገሩን ሰው ግን ይበልጥ ስማ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። በልጉ ዘገየ ወይስ ቀደመ፣ ክረምቱ ቶሎ ይወጣል ወይስ ይቆያል የሚለውን ከዚያ ተከታተል። በስልክህ የምታየው ትንበያ ግን ብዙ ጊዜ የከተማውን እንጂ የጫፉን አይነግርህም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ቧሂት ደግሞ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል።

ከመነሳትህ በፊት ለአስጎብኚው ደውለህ «ትናንት ከሰዓት ዘነበ ወይ? መንገዱስ ደርቋል?» ብለህ ጠይቅ። እዚያ ስትደርስም ስካውቱን፣ በቅሎ ጫኙን፣ እረኛውን ስማ። ሽማግሌ ካገኘህ «አባባ፣ ዛሬ ይጥል ይሆን?» በል፤ የነፋሱን አቅጣጫና የደመናውን መልክ አይቶ ይነግርሃል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የተባለው ለዚህ ነው።

11. ከአየሩ በፊት ሰላሙን ጠይቅ፤ በዓሉንም ቁጠር።

የጥቅምት ሰማይ ምንም ያህል ቢጠራ፣ አካባቢው ሰላም ካልሆነ ጊዜው አይደለም። መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ፓርኩ እንግዳ እየተቀበለ መሆኑን እዚያው ካሉ ሰዎች አረጋግጥ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ሌላ ተራራ ምረጥ፤ የነዋሪውንም ጭንቀት አትጨምር። በዓላትንም አስብ። ለጥምቀት ጎንደር ማደሪያ ይጠብባል፤ ለገና ላሊበላ እንዲሁ ነው፤ ከላሊበላ አጠገብ ያለውን አቡነ ዮሴፍ ተራራን ለመውጣት ያሰበ ሰው ይህን ይቁጠር። ዝቋላ ደግሞ በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ስለሆነ በምእመናን ይሞላል። በእነዚያ ቀኖች የምትሄድ ከሆነ ለመሳለም ሂድ እንጂ ለእግር ጉዞ ብለህ አትጋፋ።

12. ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ይኑርህ።

አንድ ተራራ ብቻ ልቡ ውስጥ ያለ ሰው መጥፎ ሰማይ እያየም ይወጣል። ሁለት ያሰበ ሰው ግን ሳይከፋው ይዞራል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ባሌ ገና ካልጠራ ሰሜን አለ፤ መጋቢት ላይ ጓሳ ጭጋግ ከዋጠው መናገሻ ሱባ አለ፤ ሐምሌ ላይ ደጋው ከተዘጋ ኮንሶ አለ። ይህን ከጓደኞችህ ጋር ገንዘብ ሳታዋጡ በፊት ተስማሙበት። ብር ከተከፈለ በኋላ ሰው ሁሉ ደመናውን ቀላል አድርጎ ማየት ይጀምራል። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ከቡድኑ አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ የሚያሾፍበት አይኑር።

13. ያየኸውን ጻፍ።

የነገርኩህ ወራት ዘላለማዊ ሕግ አይደሉም። በልግ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት ክረምቱ በብዙ ቦታ ከስሞ አገሪቱን ለከባድ ድርቅ ዳርጓት ነበር። ስለዚህ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዝ። የሄድክበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ደመና የመጣበትን ሰዓት፣ ሌሊቱ አመዳይ እንደጣለ ወይም እንዳልጣለ፣ ወንዙ ጉልበት ድረስ ይሁን ወገብ ድረስ ጻፍ። ጥቂት ዓመት ሲሞላህ ከእኔ ምክር ይልቅ የራስህ ደብተር ይመራሃል። ያኔ አንድ ታናሽህ መጥቶ «የቱ ተራራ ይሻላል?» ቢልህ አስቀድመህ ወሩን ጠይቀው፤ ከዚያም ደብተሩን ገልጠህ አሳየው።